«ጥሩ ታካሚ» የመሆን ጣጣ

ታካሚዋ አርፍዳ አታውቅም። ከቀጠሮዋ ሩብ ሰዓት ቀድማ በሩ ላይ ትገኛለች። ባለሙያው በሳምንቱ ውስጥ የሚመጡባትን አስጨናቂ ሐሳቦች እንድትመዘግብ ሲነግራት፣ በሰንጠረዥ ከፋፍላ፣ በሁለት ቀለም ለይታ ታመጣለች። ስትጠየቅ አሳምራ ትመልሳለች፤ ሐሳብ ሲቀርብላት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ስትወጣ ታመሰግናለች። ባለሙያው ከሚያያቸው ሰዎች ሁሉ የማትከብደው እሷ ናት። ሦስት ወር ሲሞላ ግን ድባቴዋ ንቅንቅ አላለም። ሌሊት የሚቀሰቅሳት «ያን ነገር ለምን ተናገርኩት?» የሚል ሐሳብ እንደ ድሮው ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ስለ ሌሊቱ ግን በባለሙያው ፊት አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ስትጠየቅ መልሷ «በጣም እየረዳኝ ነው» የሚል ነው።

ይህች ሴት ነገሩን ለማሳየት የፈጠርኳት ናት። በሥነ ልቦና ሕክምና ሥራ ላይ ጥቂት ዓመት የቆየ ሰው ግን ሳያውቃት አይቀርም። ፍጽምናን የሚያሳድድ ሰው ወደ ሕክምና የሚመጣው ሕመሙን ብቻ ይዞ አይደለም። ለሕመሙ የዳረገውን ልማድም ይዞት ይገባል፤ ታካሚነትንም እንደ አንድ ፈተና ቆጥሮ በጥሩ ውጤት ለማለፍ ይታገላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የዚህ ሰው ነገር ከተረቱም ይብሳል፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ በሽታውን ይደብቃልና።

ትጋትን ከፍጽምና ናፍቆት የሚለየው ምን እንደሆነ ካልተነጋገርን ግን ጽሑፉ ትጉህ ሰውን ሁሉ በሽተኛ የሚያደርግ ይመስላል። ልዩነቱ የግቡ ከፍታ አይደለም። ግቡ ሲሳካና ሳይሳካ ሰውየው በራሱ ላይ በሚሰጠው ፍርድ ላይ ነው ልዩነቱ። ሮዝ ሻፍራን፣ ዛፍራ ኩፐርና ክሪስቶፈር ፌርበርን የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ2002 ያቀረቡት ትንታኔ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እንደ እነሱ አባባል ሕክምና የሚያሻው ፍጽምና ናፋቂነት፣ ሰው ለራሱ ያለውን ግምት ከመጠን በላይ ባወጣው መስፈርት ላይ ሲያንጠለጥልና ጉዳት እያየበትም እንኳን መስፈርቱን አልለቅም ሲል የሚታየው ነው። መስፈርቱ ሳይሟላ ሲቀር ራሱን ይቀጣል። ሲሟላ ደግሞ «እንዲህ በቀላሉ ከተሳካማ መስፈርቱ ዝቅተኛ ነበር» ብሎ ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም። ተማሪው 98 ሲያመጣ የሚያየው የጎደሉትን ሁለት ነው፤ 100 ሲያመጣ ደግሞ ፈተናው ቀላል ነበር።

ከመስኩ አንጋፋዎች መካከል ካናዳውያኑ ፖል ሂዊትና ጎርደን ፍሌት በ1991 ይህን ጠባይ በሦስት ከፍለው አይተውታል። አንዱ ሰው ከራሱ ላይ ፍጽምናን ሲጠይቅ የሚታየው ነው። ሁለተኛው ከሌሎች ላይ የሚጠይቀው ነው፤ የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ የሥራ ባልደረባው ከእንከን የጸዱ እንዲሆኑ ይፈልጋል። ሦስተኛው «ሰዎች ከእኔ ፍጽምናን ይጠብቃሉ፤ ካልሆንኩ አይቀበሉኝም» የሚል እምነት ነው። ከሦስቱ በጣም የሚጎዳው ይህ የመጨረሻው መሆኑን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ራሱ ባወጣው መስፈርት የሚጨነቅ ሰው ቢያንስ መስፈርቱን መቀየር የሚችለው እሱው ነው። የማያየው ዳኛ የሚያስጨንቀው ግን ይግባኝ የሚልበት ችሎት የለውም።

እየባሰ የመጣውም ይኸው ነው። ቶማስ ከራንና አንድሩ ሂል ከ1989 እስከ 2016 በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ የተሰበሰቡ ከ41 ሺህ በላይ የኮሌጅ ተማሪዎችን መልሶች አንድ ላይ አድርገው መርምረዋል። ሦስቱም ዓይነቶች ጨምረዋል። ከራስ ላይ የሚጠየቀው 10 በመቶ፣ ከሌሎች ላይ የሚጠየቀው 16 በመቶ፣ ሌሎች ይጠብቁብኛል የሚባለው ደግሞ 33 በመቶ። ሦስቱም ሀብታም አገሮች ናቸው፤ የተጠየቁትም ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን ለዓለም ሁሉ ማከፋፈል አይገባም። ጥፋቱን በሙሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መጫንም ያስቸግራል፤ ጭማሪው የጀመረው በእጅ ስልክ ፎቶ መለዋወጥ ከመለመዱ በፊት ነውና። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የሚያተኩሩት በፉክክር ላይ ነው፦ ወጣቱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚለካበት፣ ደረጃ የሚወጣለትና ከሌላው ጋር የሚነጻጸርበት ኑሮ ላይ።

ጉዳቱ በአንድ ሕመም አይወሰንም። ፍጽምና ናፋቂነት በድባቴ፣ በጭንቀት፣ በአመጋገብ መዛባት፣ እጅን ደጋግሞ እንደመታጠብና በሩን ደጋግሞ እንደማረጋገጥ ባሉ ከቁጥጥር የወጡ ልማዶች ውስጥም ይገኛል። ስለዚህም ብዙ ባለሙያዎች የአንድ በሽታ ምልክት ከማለት ይልቅ የብዙዎቹ የጋራ ሥር አድርገው ያዩታል። በ2018 የወጣ 45 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ፣ ስህተትን አብዝቶ መፍራትና የሌሎችን ግምት አብዝቶ መሸከም ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር ዝምድና እንዳላቸው አሳይቷል። ዝምድና ማለት ምክንያት ማለት አይደለም። ቢሆንም ባለሙያ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ፤ ከውጭ ሲታይ ሁሉ ነገር የተሟላለት የሚመስለው ሰው ስለዚህ ሐሳብ ሊናገር የሚችለው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ጊዜም በቀጥታ ካልተጠየቀ አይናገርም።

አሁን ወደ ሕክምናው ክፍል እንመለስ፤ ለእኔ የጉዳዩ ዋና ቦታ እዚያ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም በ1980ዎቹ 250 የድባቴ ታካሚዎችን ይዞ አንድ ትልቅ ጥናት አካሂዶ ነበር። ታካሚዎቹ በዕጣ በአራት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና አገኘ፤ ሌላው በሰዎች ግንኙነት ላይ ያተኮረ ሕክምና፤ ሦስተኛው ኢሚፕራሚን የተባለ መድኃኒት ከሐኪም ክትትል ጋር፤ አራተኛው መድኃኒት የሚመስል ባዶ ኪኒን ከተመሳሳይ ክትትል ጋር። ሕክምናው 16 ሳምንት የሚቆይ ነበር። የተዘጋጀው የትኛው ሕክምና ይበልጣል የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ነው። ዓመታት አልፈው የየል ዩኒቨርሲቲው ሲድኒ ብላት ከባልደረቦቹ ጋር መረጃውን እንደገና ሲያየው ግን ሌላ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። ወደ ጥናቱ ሲገቡ ፍጽምና ናፋቂነታቸው ከፍ ያለ ታካሚዎች፣ የትኛውም ቡድን ውስጥ ይሁኑ፣ ያገኙት ለውጥ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። የንግግር ሕክምናውም ኪኒኑም እኩል ነው የደከመባቸው።

መቼ እንደደከመባቸው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ብላትና ዴቪድ ዙሮፍ በ1998 ባወጡት ትንተና መሠረት፣ ፍጽምና ናፋቂዎቹ በሕክምናው የመጀመሪያ አጋማሽ ከሌሎች ጋር እኩል ይራመዱ ነበር። የቆሙት በሁለተኛው አጋማሽ ነው፤ ከዘጠነኛው ሳምንት ወዲህ። ምን ተፈጠረ? መጨረሻው መታየት ጀመረ። 16 ሳምንት የተወሰነው አስቀድሞ ነው፤ ታካሚው ዳነም አልዳነም በሩ የሚዘጋበት ቀን ይታወቃል። ለሌላው ሰው ይህ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ለፍጽምና ናፋቂው ግን የፈተና ማስረከቢያ ሰዓት ነው፤ ወረቀቱም ገና ግማሹ ባዶ ነው። «ሌሎች በዚህ ጊዜ ድነው ይሆናል፤ እኔ ግን ይህንንም አልቻልኩም።» የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የጎደለው የእንቆቅልሹ ክፍል መጣ። ዙሮፍና ባልደረቦቹ በታካሚና በባለሙያ መካከል ያለው ቁርኝት በሕክምናው ሂደት እንዴት እንደተጓዘ ሲያጠኑ፣ በሌሎች ታካሚዎች ዘንድ ቁርኝቱ እየጠነከረ ሲሄድ በፍጽምና ናፋቂዎቹ ዘንድ ግን ያን ያህል አላደገም። ለውጡ ያነሰበት ምክንያት ባመዛኙ እዚህ ላይ ሆኖ ተገኘ። ማለትም ፍጽምናን ማሳደድ ሕክምናውን ያደናቀፈው የሕክምናውን ዘዴ በመቃወም ሳይሆን፣ ዘዴው የሚያልፍበትን ድልድይ በማሳነስ ነው።

ድልድይ ያልኩት ነገር በሙያው ውስጥ የታወቀ ትርጉም አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 የሕክምና ቁርኝትን በሦስት ነገሮች ከፍሎ አስረድቷል፦ በግቡ መስማማት፣ በሥራው መስማማትና በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለ መተማመን። በ2018 የታተመና 295 ጥናቶችን፣ ከ30 ሺህ በላይ ታካሚዎችን የያዘ ማጠቃለያ ደግሞ ቁርኝቱ የተሻለ ሲሆን ውጤቱም የተሻለ እንደሚሆን አረጋግጧል፤ ዘዴው የትኛውም ቢሆን። ፍጽምና ናፋቂው ሦስቱንም ያጣምማቸዋል። ግቡን ቢጠየቅ «ከእንግዲህ መጨነቅ አልፈልግም» ይላል፤ ሰው ሆኖ የማይደረስበትን። የቤት ሥራው ፈተና ይሆንበታል። መተማመኑ ደግሞ ገና ሳይጀመር ይሰናከላል፤ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው በእሱ ዓይን ዳኛ ነውና።

ለዳኛ ሁሉም ነገር አይነገርም። ሂዊትና ፍሌት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 ይህን የፊት ለፊት ገጽታ ለብቻው ለይተው አጥንተውታል። ሰው ፍጽምናን ባይፈልገው እንኳን ፍጹም ሆኖ ለመታየት ሊደክም ይችላል። አንዳንዱ መልካሙን እያጎላ ያሳያል። ሌላው ስህተቱ በሰው ፊት እንዳይታይ ይጠነቀቃል። ሦስተኛው ድክመቱን በአፉ አይናገርም። ለሕክምና በጣም አስቸጋሪው ይህ የመጨረሻው ነው፤ የንግግር ሕክምና ከቃል ሌላ መሣሪያ የለውምና። አጉልቶ የሚያሳይ ሰው ቢያንስ ይታወቅበታል። ዝም የሚለው ግን ጨዋ ይባላል።

እርግጥ ነው፣ ከባለሙያ የሚደብቀው ፍጽምና ናፋቂ ብቻ አይደለም። ማት ብላንቻርድና ባሪ ፋርበር በ2016 ባወጡት ጥናት ከተጠየቁት 547 ታካሚዎች 93 በመቶዎቹ ለባለሙያቸው ዋሽተው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ከግማሽ የሚበልጡት የዋሹት የሚሰማቸውን ሕመም አሳንሰው በመናገር ነው። ይህን ቁጥር ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ለሐኪም መዋሸት ምን ይጠቅማል የሚል ነበር። ቆይቶ ግን የገባኝ፣ ውሸቱ ብዙውን ጊዜ ስጦታ መሆኑ ነው። ታካሚው ባለሙያውን ማሳዘን አይፈልግም። «እንዲህ ደክሞልኝ አልተሻለኝም ብለው ምን ይሰማዋል?» ይላል። የራሱን ድካም ደብቆ የሌላውን ድካም ይንከባከባል።

ስጦታውን የሚቀበልም አለ። እዚህ ላይ ወደ ባለሙያው ወንበር መዞር ያስፈልጋል፤ ስለ ፍጽምና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ታካሚውን ብቻ የሚመረምር መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልበርት ኤሊስ በ1984 ለሙያ ባልደረቦቹ ሲጽፍ አስቸጋሪው ታካሚያችሁ እናንተው ራሳችሁ ናችሁ ብሏቸዋል። ከሚዘረዝራቸው የባለሙያ አጉል እምነቶች ውስጥ አንዱ ሁሉንም ታካሚ፣ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ማዳን አለብኝ የሚለው ነው። ይህን እምነት የያዘ ባለሙያ የዚያችን ባለ ሁለት ቀለም ሰንጠረዥ ታካሚ ሲያይ ምን ይሰማዋል? እፎይታ። እሷ ጥሩ ታካሚ ስትሆን እሱ ጥሩ ባለሙያ ይሆናል። ሁለቱም ሳይነጋገሩ ውል ይፈራረማሉ፦ አንቺ እየተሻለኝ ነው በይኝ፣ እኔም አላጠራጥርሽም። ክፍሉ ውስጥ ሰላም ይሰፍናል። የጎደለው ሕክምናው ብቻ ነው።

ተቃራኒው መልክም አለ፤ ጩኸት ስላለው ቶሎ ይታያል። ፍጽምናን ከሌሎች የሚጠይቅ ታካሚ ባለሙያውን በመጀመሪያው ቀን «እንደ እርስዎ የተረዳኝ የለም» ይለዋል። በሦስተኛው ሳምንት ባለሙያው የታካሚውን እህት ከእናቱ ጋር አምታቶ ይጠራል፤ ወይም ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ያያል። በአራተኛው ሳምንት ታካሚው አይመጣም። ሌላ ባለሙያ ፍለጋ ሄዷል፤ እዚያም አዲሱን ባለሙያ የመጀመሪያው ቀን ምስጋና ይጠብቀዋል። ፍጽምናን ከራሱ የሚጠይቅ ባለሙያ ደግሞ ትችት ሲሰነዘርበት ይከላከላል፣ ያብራራል፣ ማስረጃ ያቀርባል። ክርክሩን ቢረታም ታካሚውን ያጣዋል።

ታዲያ ባለሙያው በራሱ ፍጹም እርግጠኛ ይሁን ማለት ነው? የኖርዌይ ተመራማሪዎች መልስ አይደለም የሚል ነው። ሄለኔ ኒሰን-ሊ እና ባልደረቦቿ በ2017 ባወጡት ጥናት፣ በሥራቸው ላይ ጥርጣሬ ያላቸው፣ «ይህን ታካሚ በትክክል እየረዳሁት ነው ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ባለሙያዎች ታካሚዎች የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፤ ባለሙያው እንደ ሰው ለራሱ ርኅራኄ ያለው መሆን አለበት። ሥራውን እየተጠራጠረ ራሱን የሚወድ። ፍጽምና ናፋቂው የጎደለው ይህችው ናት፤ እሱ ሥራውን ሲጠራጠር ራሱን አብሮ ይከስሳል። ጥርጣሬ እውቀት ከመሆን ወደ ቅጣት የሚለወጠው እዚህ ጋ ነው።

የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ የነበረው ዶናልድ ዊኒኮት በ1953 ስለ እናቶች የተናገረው ነገር ለዚህ ወንበርም ይሠራል። ለልጅ የምትበጀው እናት ፍጹሟ ሳትሆን የምትበቃዋ ናት አለ። በመጀመሪያ የልጁን ፍላጎት ሁሉ ለማሟላት ትሞክራለች፤ ልጁ እየጠነከረ ሲሄድ በሚችለው መጠን ትጎድልበታለች፤ ልጁም በጉድለቷ ውስጥ ዓለምን ይማራል። ባለሙያም ይጎድላል። ጥያቄው ሲጎድል ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ጄረሚ ሳፍራንና ክሪስቶፈር ሙራን ለዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ የቁርኝት መሰንጠቅንና መጠገንን። መሰንጠቁ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ፊት ለፊት መጋጨት ነው። ሌላው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነው፤ ታካሚው ያሳጥራል፣ ርዕስ ይቀይራል፣ ይስማማል። አዎ፣ መስማማትም የመሰንጠቅ ምልክት ሊሆን ይችላል። ጨዋው ፍጽምና ናፋቂ የሚሰነጠቀው በዚህኛው መንገድ ነው፤ ድምፅ ስለሌለው ባለሙያው ትብብር ይመስለዋል። ሲጠገን ግን ምን እንደሚመስል አንድ አፍታ እናስብ። ባለሙያው ባለፈው ሳምንት የተነገረውን አስፈላጊ ነገር ረስቶ እንደገና ጠየቀ እንበል።

«ባለፈው ሳምንት ነግሬዎት ነበር። ግን ምንም አይደለም፤ ብዙ ሰው ነው የሚያዩት።»

«ምንም አይደለም አይባልም። ከብዶዎት የነገሩኝን ነገር ነው የረሳሁት። ስረሳው ምን ተሰማዎት?»

«ምንም... ማለት፣ አሰልቺ ነገር አውርቼ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።»

«እኔ ረስቼ እርስዎ ጥፋተኛ ሆኑ?»

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ከአሥር ሰንጠረዥ ይበልጣል። ታካሚዋ የተሳሳተ ሰው አየች፤ የተሳሳተው ሰው አልፈረሰም፤ ስህተቱን በእሷ ላይ አላሳበበም፤ ግንኙነቱም አልተቋረጠም። ይህን በንግግር ማስተማር አይቻልም፤ ባለሙያው ተሳስቶ መገኘት አለበት። (ሆን ብሎ ተሳስቶ አይደለም። ታካሚዎች ትያትር ይለያሉ።)

የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ባለሙያዎች ለዚህ ጠባይ የሚያዙት ልምምድም አለ፤ አውቆ መሳሳት። አንድ የፊደል ግድፈት ያለበት ኢሜይል ልኮ የሚሆነውን ማየት፣ ሪፖርትን አራት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ማስረከብ። እንዲህ ያለ ልምምድን የያዘው ሕክምና በብዙ ጥናቶች ውጤቱ ጥሩ ነው። ግን ፍጽምና ናፋቂ ያው ፍጽምና ናፋቂ ነውና፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ «ስህተቱን በትክክል የሠራሁት አይመስለኝም» ሊል ይችላል። ሳቅ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ሁለቱ አብረው ከሳቁ ደግሞ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።

የሚያስጨንቀኝ የቀን ገደቡ ነው። ብዙ የሕክምና ተቋማት ለአንድ ታካሚ የሚሰጡት የተቆጠረ ቀጠሮ ነው፤ ገንዘብና ባለሙያ ሁለቱም አይበቁምና በዚህ መፍረድ አይቻልም። ከ1998ቱ ትንተና የምንረዳው ግን፣ ስለ መጨረሻው መነጋገር ያለብን በመጨረሻው ቀጠሮ አለመሆኑን ነው። ለዚህ ዓይነቱ ታካሚ ፍጻሜው የሚጀምረው በመንገዱ አጋማሽ ላይ ነው። ባለሙያው በስምንተኛው ሳምንት ሰንጠረዡን ወደ ጎን አድርጎ «የቀሩን ስምንት ጊዜያት ናቸው፤ እኔ እንዳላዝን ብለው እስካሁን ያልነገሩኝ ነገር አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የመጀመሪያው መልስ «የለም፣ ሁሉም ጥሩ ነው» መሆኑ አይቀርም። ጥያቄውን በዘጠነኛውም ሳምንት መድገም ነው። በአሥረኛው ሳምንት ምናልባት ሌሊቱ ይነሳል።